ሕመምተኛን በቤት ማስታመም፦ የጥራቱና የደኅንነቱ ሳይንስ

መግቢያ

ሕመምተኛ የሚያገግመው በሆስፒታል ብቻ አይደለም። ሐኪሙ በሽታውን መርምሮ፣ መድኃኒት አዝዞ ካሰናበተው በኋላ ቀሪው ጊዜ፣ ምናልባትም ረጅሙ፣ የሚያልፈው በቤት ውስጥ ነው። በሆስፒታል ሳለ ሙቀቱን የሚለካ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጥ፣ የሚያገላብጠው ባለሙያ ነበረው። እቤት ሲገባ ይህ ሁሉ ሥራ በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይሁንና ስለ ማስታመም በትምህርት ቤት የምንማረው እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የተማርናቸው ቀላል ሐሳቦች በሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ እንመለከታለን።

እስቲ አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችን እንሣል። ቤቱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል እንበል። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ዕድሜያቸው ሰባ የሞላ እናት ስትሮክ አግኝቷቸው ግራ ጎናቸው ስለዛለ ያለ ረዳት መገላበጥ አይችሉም። ልጃቸው በፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ የልጅ ልጃቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነች። ቀን ቀን በክፍያ የምትመጣ አስታማሚ አለች፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ነርስ ትጎበኛቸዋለች። ቤተሰቡን ለምሳሌ ያህል የፈጠርነው ቢሆንም አንባቢያችን ይህን የመሰለ ቤት በሠፈሩ፣ ምናልባትም በራሱ ቤት፣ እንደሚያውቅ አንጠራጠርም።

እኚህን እናት አራት ሰዎች እየተፈራረቁ ያስታምሟቸዋል። አራቱም ይወዷቸዋል፣ ይደክሙላቸዋል። ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው፦ ክብካቤው ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?

1. የቤት ውስጥ ክብካቤ በአገራችን

ማስታመም በአገራችን ጥንታዊ ነው። ጎረቤት ይጠይቃል፣ ዘመድ ያድራል፣ ዕድር በችግር ጊዜ ይደርሳል። የተደራጀ የቤት ውስጥ ክብካቤ በስፋት የታወቀው ግን በኤች አይ ቪ/ኤድስ ዘመን ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ሆስፒታሎች ሊቀበሏቸው ያልቻሉ በርካታ ሕሙማን ተኝተው የነበረው በየቤታቸው ነበር። በዚያ ጊዜ እንደ ሕይወት ኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከል፣ ክብካቤና ድጋፍ ድርጅት ያሉ ተቋማት ከዕድሮች ጋር ተባብረው በጎ ፈቃደኞችን እያሠለጠኑ ቤት ለቤት ያሰማሩ ነበር። ሆስፒስ ኢትዮጵያም የማይድን ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሥቃይ በማስታገሥ ላይ አተኩሮ ተቋቁሟል። መንግሥት በ1995 ዓ.ም. በገጠር የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2002 ዓ.ም. ወደ ከተሞች ሲሸጋገር ነርሶች በየቤቱ እየዞሩ የጤና ትምህርትና ክትትል መስጠት ጀመሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በክፍያ ነርስና አስታማሚ የሚልኩ የቤት ለቤት አገልግሎቶች በአዲስ አበባ ተበራክተዋል።

አገልግሎቱ ሲበዛ የጥራት ጥያቄ አብሮ ይመጣል። በሆስፒታል የሚፈጸምን ስሕተት ሌላ ባለሙያ ሊያየው ይችላል፤ በተዘጋ በር ውስጥ የሚፈጸመውን ግን ማንም ላያየው ይችላል።

2. ጥራት እንዴት ይመዘናል?

የሕክምናን ጥራት ለመመዘን እስከ ዛሬ የሚያገለግለውን መንገድ የቀየሰው በቤሩት የተወለደው አርመናዊ ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት ጥራትን በሦስት ጎኖች ከፍሎ ተመለከተው። እነዚህም፦

ሀ. አቅም፦ ሰው፣ ሥልጠና፣ ዕቃ፣ ውኃ፣ መብራት፤
ለ. አሠራር፦ በእርግጥ የተከናወነው ተግባር፣ ለምሳሌ ሕመምተኛዋ በስንት ሰዓት ተገላበጡ?
ሐ. ውጤት፦ በመጨረሻ የተገኘው ለውጥ፣ ለምሳሌ ቆዳቸው ዳነ ወይስ ቆሰለ?

ብዙ ቤተሰቦች የሚመዝኑት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ውድ ፍራሽ ገዛን፣ አስታማሚ ቀጠርን ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ውጤቱን ይጠብቃሉ፤ ነገር ግን ውጤቱ መጥፎ ሆኖ ሲታይ ጊዜው አልፏል። በየዕለቱ ልናየውና ልናርመው የምንችለው መካከለኛውን፣ ማለትም አሠራሩን ነው። ከዚህ በታች አራት አሠራሮችን አንድ በአንድ እንመርምር።

3. ግፊትና ቆዳ

የማይገላበጥ ሰው የሚያሰጋው ትልቁ ጉዳት የአልጋ ቁስል ነው። መነሻው በፊዚክስ የምናውቀው ግፊት ነው። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኝ መጠን ነው፦

ግፊት = ኃይል ÷ ስፋት

ሕመምተኛዋ በጀርባቸው ሲተኙ ከወገባቸው በታች ያለው አጥንት በ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ 10 ኪሎ ግራም የሚያህል ክብደት ያሳርፋል እንበል። ኃይሉ 100 ኒውተን፣ ስፋቱ 0.01 ካሬ ሜትር ስለሆነ ግፊቱ 10,000 ፓስካል ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 133 ፓስካል ያህል በመሆኑ ይህ ወደ 75 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል።

ይህ ቁጥር ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? እ.ኤ.አ. በ1930 ዩጂን ላንዲስ የተባለ ተመራማሪ በሰው ጥፍር ሥር ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች (ካፒላሪዎች) ውስጥ ያለውን ግፊት ለካ። ደም ወደ ካፒላሪው በሚገባበት በኩል ያገኘው አማካይ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነበር። ቁጥሩ ከሰው ሰው፣ ከአካል አካል ስለሚለያይ እንደ ቁርጥ ድንበር መታየት የለበትም። ነገር ግን ከውጭ የሚጫነው ከውስጥ ከሚገፋው በእጅጉ ሲበልጥ የደም ሥሩ ይታፈናል፤ ኦክስጅንና ምግብ ያልደረሰው ሥጋም ቀስ በቀስ ይሞታል። ጤነኛ ሰው ሕመሙ ስለሚሰማው ተኝቶም ሳለ ይገላበጣል። የእኚህ እናት ግራ ጎን ግን ሕመሙን ላይነግራቸው ይችላል፤ ቢነግራቸውም መገላበጥ አይችሉም።

ለስላሳ ፍራሽ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ስለሚያሳርፈው ይረዳል። በምሳሌያችን ስፋቱ በእጥፍ ቢያድግ ግፊቱ ከ75 ወደ 37.5 ይወርዳል። ልብ እንበል፤ ይህም ቢሆን ከ32 በላይ ነው! ስለዚህ ጥሩ ፍራሽ ማገላበጥን ያግዛል እንጂ አይተካም። ሌላው ዋና ነገር ጊዜ ነው። ከፍተኛ ግፊት በአጭር ጊዜ የሚያደርሰውን ጉዳት አነስተኛ ግፊት በረጅም ጊዜ ያደርሰዋል። በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚስማማውን ልክ ግን ነርሷ ቆዳውንና ፍራሹን አይታ ትወስናለች።

ሲያገላብጡ መጎተት አይገባም። ሕመምተኛዋ በአንሶላው ላይ ሲጎተቱ ቆዳው ይቀራል፣ አጥንቱ ይሄዳል፤ በመካከል ያሉት የደም ሥሮች ይለጠጣሉ። ሁለት ሰዎች በአንሶላ አንሥተው ቢያዞሯቸው ይሻላል። ምግብ ሲሰጣቸው እንዳይታነቁ ቀና ብለው መቀመጥ፣ ከበሉም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል በዚያው መቆየት ይኖርባቸዋል። በቀረው ጊዜ ግን የአልጋው ራስጌ ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ቢቆይ ሰውነታቸው ወደ ታች እየተንሸራተተ ቆዳው ይጎዳል።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር አንባቢ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። ብዙ የውጭ መጻሕፍት የአልጋ ቁስል የመጀመሪያ ምልክት «ቆዳው ተጭነው ሲለቁት የማይጠፋ መቅላት» ነው ይላሉ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ መቅላት ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ስለሆነም ከዓይን ይልቅ እጅን ማመን ይገባል። በዳሌ፣ በተረከዝ፣ በክርንና ከወገብ በታች ያለው ቆዳ ከአካባቢው ይልቅ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጠር ብሏል ወይስ እንደ ሊጥ ረግቧል? ሲነካ ያማቸዋል? ከወትሮው ጠቁሯል? ከእነዚህ አንዱ ከታየ ያን ቦታ ፈጽሞ እንዳይተኙበት ማድረግና ለነርሷ መንገር ያስፈልጋል።

በመልካም ሐሳብ የሚፈጸሙ ሁለት ስሕተቶችም አሉ። አንደኛው ምልክት ያሳየውን ቦታ በቅባት ወይም በአልኮል አጥብቆ ማሸት ነው፤ ይህ የተዳከመውን ሥጋ የባሰ ይጎዳዋል። ሁለተኛው መካከሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ ከመቀመጫ ሥር ማድረግ ነው። ክቡ ዙሪያውን ስለሚጫን ወደ መካከሉ የሚሄደውን ደም ያግደዋል።

4. መድኃኒት፣ ሰዓትና ዘመን

የእኛ ሰዓት ከንጋት ሲቆጠር በውጭ አገር የተለመደው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይቆጠራል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። የዘመን አቆጣጠራችንም ከጎርጎርዮሳውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይላል። ይህን ሁላችንም ብናውቀውም በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ አደጋ ሊሆን ይችላል።

በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ወረቀቱ ላይ «8:00» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ጸሐፊው ያሰበው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሕመምተኛዋ ሆስፒታል ሳሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ወስደው ወጡ። የልጅ ልጃቸው ወረቀቱን አይታ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብትሰጣቸው ከ12 ሰዓት በኋላ መወሰድ የነበረበት መድኃኒት ከ6 ሰዓት በኋላ ተወሰደ ማለት ነው። ለአንዳንድ መድኃኒት ይህ ጉዳት ላይኖረው ይችላል፤ ለደም ማቅጠኛ ወይም ለስኳር መድኃኒት ግን ብርቱ አደጋ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት እያንዳንዱን ሰዓት «ጠዋት 2»፣ «ማታ 2» እያሉ በቃል መጻፍ፣ የመጨረሻው መድኃኒት መቼ እንደተሰጠም ጠይቆ መመዝገብ።

የመድኃኒት ማብቂያ ጊዜም እንዲሁ ነው። በካርቶኑ ላይ «5/2023» የሚል ቢታተም በ2018 ዓ.ም. የሚያነበው ሰው ገና አምስት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን መድኃኒቱ በ2015 ዓ.ም. ያለፈበት መሆኑ ነው። 5ኛው ወርም የእኛ ጥር ሳይሆን ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሚውለው ሜይ ነው።

የሚጠጣ መድኃኒት ሲሆን ደግሞ የማንኪያ ነገር አለ። የሻይ ማንኪያ ሲባል 5፣ የሾርባ ማንኪያ ሲባል 15 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ሁለቱን ማምታታት መጠኑን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል ወይም ወደ ሲሶ ይቀንሰዋል። በየቤታችን ያለው ማንኪያም አንዱ ከሌላው ይለያያል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ መለካት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

5. እጅ፣ ውኃና በረኪና

እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናዝ ዜመልዌይስ የተባለ ሐኪም በቪየና አዋላጅ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሑድ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ትምህርቱ ዛሬም አላረጀም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ በሳሙና መታጠብን ይመክራል። ሕመምተኛን ከመንካት በፊትና በኋላ፣ ቁስል ከማጠብ በፊት፣ ሽንትና ሰገራ ከነኩ በኋላ፣ እንዲሁም የአልጋውን ዕቃ ከነኩ በኋላ መታጠብ ያሻል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን በአልጋው አጠገብ ቢቀመጥ በጥቂት ውኃ በሚገባ መታጠብ ይቻላል። ዋናው ነገር ውኃው እየፈሰሰ መታጠብ ነው፤ አንድ ሳፋ ውስጥ ሁሉም እጁን ቢነክር የአንዱ ጀርም ለሌላው ይተርፋል።

ደም የነካውን ዕቃ ለማጽዳት 0.5 በመቶ የክሎሪን ውሑድ እንጠቀማለን። ቀመሩ እንዲህ ነው፦

የውኃው እጅ = (የበረኪናው ጥንካሬ ÷ የምንፈልገው ጥንካሬ) − 1

በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 5 ÷ 0.5 = 10፤ 10 − 1 = 9። ስለዚህ አንድ ኩባያ በረኪና ከዘጠኝ ኩባያ ውኃ ጋር ይቀላቀላል። ውሑዱ ስለሚዳከም በየቀኑ እንደ አዲስ መበጥበጥ ይኖርበታል። በረኪናን ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ሽንት ውስጥም አሞኒያ ስለሚገኝ በረኪና ሲጨመርበት ክሎራሚን የተባለ የሚያፍን ጋዝ ይፈጠራል። ስለዚህ የሽንት ዕቃው አስቀድሞ ተደፍቶ በውኃ ይለቅለቅ፤ በረኪናው ከዚያ ይከተላል። ያገለገለ መርፌም ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ጤና ተቋም ይመለስ እንጂ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የሚነኩት በእጃቸው ነውና።

6. ኦክስጅን፣ ከሰልና የጣት መለኪያ

አንዳንድ ሕመምተኞች በቤታቸው ኦክስጅን ይታዘዝላቸዋል። አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው። ይህ መጠን በጥቂቱ እንኳ ከፍ ሲል እሳት በቀላሉ ይነሣል፣ በፍጥነትም ይዛመታል። በጠባብ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ እጣን ይጨሳል። ይህ መልካም ባህላችን ነው፤ ነገር ግን ኦክስጅን ባለበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ኦክስጅን በሌለበት ቤትም ቢሆን ከሰል ሌላ አደጋ አለው። በዝግ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ (ፐልስ ኦክሲሜትር) ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ለይቶ ስለማያውቅ ሰው እየታፈነ ሳለ «98» ሊል ይችላል። ይኸው መሣሪያ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ እንደሚችልም ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በታተመ ጥናት መሣሪያው የሳተው ከባድ የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ታይቷል። ስለዚህ ሕመምተኛው ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከተለወጠ ወይም ግራ ከተጋባ ቁጥሩ ደኅና ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያው ይቆማል። ስለሆነም የተሞላ መጠባበቂያ ሲሊንደር መኖሩ፣ ሕመምተኛዋንም ከአራተኛ ፎቅ በወንበር የሚያወርዱ ሰዎች አስቀድመው መታወቃቸው የክብካቤው አካል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ቢጠራ እንኳ ደረጃውን የሚያውቁት ጎረቤቶች ናቸው።

7. ደብተሩ

እስካሁን ያየነውን ሁሉ የሚያስተሳስረው አንድ ተራ ደብተር ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ በየትኛው ጎን እንደተኙ፣ ቆዳቸው ሲዳሰስ የተገኘው ነገር፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ የበሉትና የጠጡት፣ ሽንታቸው፣ እንዲሁም የመዝጋቢው ስም ይጻፍ።

የደብተሩን ጥቅም በአንድ ሌሊት እንመልከት። ልጃቸው ከማታ ፈረቃ ስትመለስ እናቷ ተኝተዋል። ቀን ያስታመመችው ሄዳለች፤ ተማሪዋም እንቅልፍ ወስዷታል። መድኃኒቱ ተሰጥቷል? ደብተር ከሌለ ሁለት መጥፎ ምርጫዎች አሉ፤ ሁለት ጊዜ መስጠት ወይም ጨርሶ መዝለል። ደብተር ካለ «ማታ 2 ሰዓት ተሰጥቷል» የሚለውን አንብባ ታርፋለች። በሳምንቱ መጨረሻ ነርሷ ስትመጣ ደግሞ ማክሰኞ ሌሊት ለስድስት ሰዓት ያህል በአንድ ጎን እንደተኙ፣ ረቡዕ ጠዋት ቀኝ ዳሌያቸው ሲዳሰስ ሞቆ እንደተገኘ ታያለች። ምክንያቱና ውጤቱ ጎን ለጎን ተጽፈዋልና ቁስሉ ሳይከፈት ማረም ይቻላል።

ደብተሩ ለወቀሳ መዋል የለበትም። ያልተደረገውን «አልተደረገም» ብሎ የጻፈ አስታማሚ ከተቆጡት በሚቀጥለው ጊዜ ያልተደረገውን ተደረገ ብሎ ይጽፋል። ያኔ ደብተሩ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ማጠቃለያ

በክፍያ አገልግሎት የሚቀጥር ቤተሰብ ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ድርጅቱ ፈቃድ እንዳለው፣ የምትመጣው ባለሙያ ምን እንደሠለጠነች፣ ብትቀር ማን እንደሚተካት፣ ሌሊት ለማን እንደሚደወልና የጽሑፍ ዕቅድ እንዳለ ይጠይቅ። ደብተር ለመያዝ የማይፈቅድ አገልግሎት ሥራው እንዲታይ አይፈልግም ማለት ነው።

ፍቅርና ትጋት የማስታመም መሠረት ናቸው። ነገር ግን ፍቅር ግፊትን አይለካም፣ ሰዓትንም አያስታውስም። በገላን አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ደኅንነታቸው የሚጠበቀው አራቱም አስታማሚዎቻቸው አንድ ዓይነት ነገር በልክና በሰዓቱ ሲያደርጉ፣ ያደረጉትንም ሲጽፉ ነው። ይህን ለመጀመር የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ እውቀት በቂ ነው።

መልመጃ

1. ተረከዝ በ4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ 1 ኪሎ ግራም ክብደት ቢያሳርፍ ግፊቱ ስንት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል? ግፊቱን ለማስቀረት ትራሱ የት ይደረግ?
2. በረኪናው 4 በመቶ ቢሆን 0.5 በመቶ ውሑድ ለማግኘት ለአንድ ኩባያ በረኪና ስንት ኩባያ ውኃ ያስፈልጋል?
3. በማዘዣው ላይ 6:00፣ 14:00 እና 22:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ሰዓት ስንት ነው?

መልስ፦ 1. ወደ 188 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፤ ትራሱ ከባት ሥር ሆኖ ተረከዙ በአየር ላይ ይንጠልጠል። 2. ሰባት ኩባያ። 3. ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት።